«የወረርሽኝ መከላከያ ኮርስ»፦ በዋርሶ ጌቶ የተማሩ የሕክምና ተማሪዎች ጤናና መንፈስ

በ1941 ጸደይ፣ በጀርመን ጦር በተያዘችው የዋርሶ ከተማ፣ አይሁዳውያን ተለይተው በግንብ በታጠሩበት ክፍል ውስጥ በሌሽኖ ጎዳና በሚገኝ ሕንፃ አንድ የማታ ትምህርት ተጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የወራሪው ባለሥልጣናት ፈቃድ የሰጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወረርሽኝን ለመከላከል የሚረዳ የንጽሕና አጠባበቅ ኮርስ እንዲሰጥ ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን አናቶሚ፣ ሂስቶሎጂ፣ ኬሚስትሪና ባክቴሪዮሎጂ ይሰጥ ነበር። በሌላ አነጋገር ኮርሱ የሕክምና ፋኩልቲ የመጀመሪያ ዓመታት ትምህርት ነበር። ይህንን ትምህርት ቤት ያቋቋመው የሂስቶሎጂ መምህሩ ዩሊዩሽ ጽቫይባውም ሲሆን፣ ከ1941 ጸደይ እስከ 1942 በጋ ድረስ 500 የሚጠጉ ወጣቶች በዚያ እንደተማሩ ይገመታል።

ስለ ጦርነትና ስለ ሕክምና ታሪክ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት ወይ በጀግንነታቸው ወይ በሞታቸው ነው። የጤና ባለሙያን የሚያሳስበው ጥያቄ ግን ከዚህ ለየት ያለ ነው። በረሃብ፣ በቅማልና በፍርሃት መካከል የሚኖር የ20 ዓመት ወጣት በምሽት ደብተር ይዞ ክፍል ሲገባ ሰውነቱና አእምሮው እንዴት ይኖራል? የሚጠብቀውስ ምንድን ነው? የዋርሶው ትምህርት ቤት ለዚህ ጥያቄ ከሌሎች የተሻለ መልስ የሚሰጥበት ምክንያት አለ። በዚያው ግንብ ውስጥ፣ በዚያው ዘመን፣ ሐኪሞች ረሃብ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በሳይንሳዊ መንገድ እየለኩ ይመዘግቡ ስለነበር፣ ስለ ተማሪዎቹ የሚነገረውን በምኞት ሳይሆን በልኬት ማመዛዘን ይቻላል።

የተዘጉ በሮች

ጀርመን ፖላንድን የወረረችው በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነው። ከዚያ በኋላ የፖላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ ተዘጉ። በኖቬምበር 6 ቀን በክራኮው የሚገኘው የያጌሎንያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለስብሰባ ተጠርተው ከመጡ በኋላ ከ180 በላይ የሚሆኑት ተይዘው ወደ እስር ካምፕ ተወሰዱ። የወራሪው ፖሊሲ ግልጽ ነበር፤ ለፖላንዳውያን ከአንደኛ ደረጃና ከሙያ ትምህርት የበለጠ አይፈቀድም። ስለዚህም ከፍተኛ ትምህርት ወደ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ሽፋን ስሞች ገባ። ከጌቶው ግንብ ውጭ ቀዶ ሐኪሙ ያን ዛኦርስኪ በ1941 «የረዳት የጤና ሠራተኞች የግል ሙያ ትምህርት ቤት» በሚል ስም የሕክምና ፋኩልቲን ትምህርት በድብቅ ያስተምር ነበር። የጽቫይባውም ትምህርት ቤት ከግንቡ ወዲህ የተከፈተ የእርሱ አምሳያ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በፖላንድ የሕክምና ፋኩልቲዎች የሚገቡ አይሁዳውያን ቁጥር እየተገደበ ሄዶ ነበር። ከ1937 ጀምሮም በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በክፍል ውስጥ ለብቻቸው በተመደበላቸው ወንበሮች ላይ እንዲቀመጡ ተደርጓል። በሰላሙ ጊዜ በሩ ተዘግቶባቸው የነበሩ አንዳንድ ወጣቶች ሕክምና መማር የቻሉት በግንብ ከታጠሩ በኋላ ነው። ይህ በታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ መራራ ምጸት ነው።

ከመምህራኑ መካከል ስሙ ከፖላንድ ውጭም የታወቀው ሉድቪክ ሂርሽፌልድ ነበር። ሂርሽፌልድ በ1910 ከኤሚል ፎን ዱንገርን ጋር ሆኖ የደም ዓይነቶች በውርስ እንደሚተላለፉ ያሳየ ተመራማሪ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ታይፈስ ሰርቢያን ባጠቃ ጊዜ ወደዚያ ሄዶ አገልግሏል። ወራሪዎቹ ከሥራው ካባረሩት በኋላ በ1941 መጀመሪያ ከነቤተሰቡ ወደ ጌቶ ገባ። ክርስትና ከተቀበለ ብዙ ዓመት ቢሆነውም የዘር ሕጉ ይህንን አይቆጥርም ነበርና፣ መኖሪያው በጌቶው ውስጥ በቀረው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የካህናት ቤት ሆነ። ታይፈስን በጦር ሜዳ ያየ ሰው ስለ ታይፈስ የሚያስተምረው በዚያው በሽታ መካከል ለተቀመጡ ተማሪዎች ነበር።

ቅማልና የዕለት ሥርዓት

የዋርሶ ጌቶ በኖቬምበር 1940 ተዘጋ። ከ400,000 በላይ ሰዎች 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ከጥቂት በሆነ ቦታ ላይ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በይፋ የሚታደለው ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 200 ካሎሪ እንኳን የማይሞላ ስለነበር፣ ሕዝቡ እስከተወሰነ ጊዜ የኖረው በግንቡ ቀዳዳ በሚገባ ኮንትሮባንድ ነው። ብዙውን ጊዜ አስገቢዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከ1940 መጨረሻ እስከ 1942 አጋማሽ 83,000 የሚደርሱ ሰዎች በረሃብና በበሽታ ሞተዋል። አስከሬኖች በጋዜጣ ተሸፍነው በእግረኛ መንገድ ላይ ይውሉ ነበር። ተማሪዎቹም ወደ ክፍል የሚሄዱት በእነዚህ አጠገብ እያለፉ ነው።

ታይፈስ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ሊባል የሚችለውን በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ በደጋው አካባቢ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በ1991 የደርግ ሠራዊት በተበተነ ጊዜ የተነሣውን የግርሻ ወረርሽኝ ያከሙ ባለሙያዎችም ጦርነት፣ መጨናነቅና የልብስ እጥረት በአንድነት ምን እንደሚያመጡ ለማስረዳት መጽሐፍ አያሻቸውም። ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ይኖራል፤ የታይፈስን ተሕዋስ የሚያስተላልፈው በዓይነ ምድሩ ሲሆን፣ ሰው ሲያክክ በቆዳው ቁስል በኩል ይገባል። ቅማሉ ትኩሳት ያለበትን ወይም የበረደ አካልን ትቶ አጠገብ ወዳለው ሰው ይሻገራል። እንግዲህ ቅዝቃዜን ለመከላከል ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ ለሚተኛ፣ ሳሙናና የድንጋይ ከሰል ለሌለው፣ በአንድ ክፍል ከሰባትና ከስምንት ሰው ጋር ለሚኖር ሰው ንጽሕና ማለት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የወራሪው ትእዛዝ ችግሩን አባባሰው። አንድ ሕመምተኛ በተገኘበት ቤት ሁሉ ሕንፃው እንዲዘጋ፣ ነዋሪዎቹ ወደ መታጠቢያ እንዲነዱ፣ ልብስና አልጋቸውም በእንፋሎት እንዲታጠን ይደረግ ነበር። የማጠኛው ቡድን ሲመጣ ልብስ ይበላሻል፣ ንብረት ይሰረቃል፣ ጉቦ ይጠየቃል፤ በመታጠቢያው በር ላይ ለረጅም ሰዓት የሚሰለፈው ሕዝብም ቅማል ይለዋወጣል። ከዚህ የተነሣ ቤተሰቦች ሕመምተኞቻቸውን መደበቅ ጀመሩ። ሂርሽፌልድ ይህንን አሠራር በብርቱ ተቃውሟል። በኃይል የሚፈጸም የጤና እርምጃ በሽታውን ከሐኪሙ ዓይን እንደሚሰውር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሽፋን ስሙ እውነት ሆኖ የተገኘውም እዚህ ላይ ነው። ጽቫይባውም ፈቃድ ሲጠይቅ «ወረርሽኝን መከላከል» የሚለውን ስም የመረጠው ጀርመኖች ታይፈስን እጅግ ስለሚፈሩ ነበር። ነገር ግን በኮርሱ የተማሩት ወጣቶች ወረርሽኝን መከላከል በእርግጥ ተምረዋል፤ ወደየቤታቸውና ወደየሕንፃቸው ግቢም ይዘውት ሄደዋል። በጌቶው ውስጥ ስለ ንጽሕናና ስለ ታይፈስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕዝባዊ ንግግሮች ተሰጥተዋል። የሕንፃ ኮሚቴዎች ደረጃና ግቢ ያስጠርጉ፣ የሾርባ ማደያዎችን ያደራጁ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው የዕለት ልማድ ቀላል ነበር፤ ማታ ልብስ አውልቆ ስፌት ለስፌት መፈተሽ፣ የሚቻል ሲሆን በጋለ ካውያ መተኮስ፣ ፀጉር ማሳጠር፣ በሰልፍና በተጨናነቀ ቦታ ከሰው ራቅ ብሎ መቆም።

ወረርሽኙ በ1941 መኸር ከፍተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ፣ ክረምት ሲገባ ይብሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ይህ ለምን እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። በ2020 ሌዊ ስቶንና ባልደረቦቹ በሒሳባዊ ሞዴል አስደግፈው ባወጡት ጥናት፣ ወረርሽኙ የቀነሰው የሚያዝ ሰው ስላለቀ ሳይሆን ነዋሪዎቹና ሐኪሞቻቸው ጠባያቸውን ስለለወጡ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል፤ ከምክንያቶቹም መካከል የንጽሕና ትምህርቱንና የድብቅ ሕክምና ትምህርት ቤቱን ይጠቅሳሉ። ሞዴል ሞዴል ነው፤ ሕመምተኛ በሚደበቅበት ከተማ የተሰበሰበ አኀዝም ሙሉ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም የውጤቱ አቅጣጫ ከዘመኑ ሐኪሞች ጽሑፍ ጋር የሚስማማ ነው።

ቅማል መጋቢዎቹ

በዋርሶ ተማሪዎች ቅማልን ሲያሳድዱ፣ በልቮቭ (በዛሬዋ ዩክሬን ሊቪቭ በምትባለው ከተማ) ደግሞ ተማሪዎችና መምህራን ቅማልን በደማቸው ይመግቡ ነበር። ሩዶልፍ ቫይግል የተባለው ተመራማሪ የታይፈስ ክትባት የሚሠራው በቅማል አንጀት ውስጥ ከሚራባው ተሕዋስ ስለነበረ፣ ቅማሎቹ በሰው ደም መኖር ነበረባቸው። ጀርመኖች ከተማዋን በ1941 ከያዙ በኋላ ክትባቱን ለሠራዊታቸው ስለፈለጉት ተቋሙን አልዘጉትም። ቫይግልም ዩኒቨርሲቲ የተዘጋባቸውን ምሁራንና ወጣቶች በመጋቢነት ቀጠረ። መጋቢው በእግሩ ላይ ትናንሽ ሳጥኖች ያስራል፤ በየሳጥኑ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅማሎች በወንፊት በኩል ደሙን ይጠጣሉ። በምላሹ ተጨማሪ ራሽን ያገኛል፤ በመንገድ ላይ የያዘው ጠባቂ ፈራ ተባ ብሎ የሚለቅቅበት የመታወቂያ ወረቀትም ይሰጠዋል። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ስቴፋን ባናህ ከመጋቢዎቹ አንዱ ነበር፤ በኋላ ባለቅኔ የሆነው ወጣቱ ዝቢግኒየቭ ኸርበርትም እንዲሁ። ከዚህ ክትባት ጥቂቱ በድብቅ ወደ ዋርሶ ጌቶ ይገባ ነበር፤ ዋጋው ግን ብዙዎች የሚደርሱበት አልነበረም።

የመንፈስ ጉዳይ

በጌቶው ትምህርት ቤት ክፍሎቹ የሚሰበሰቡት ማታ ነው፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ቀን ሥራ አለባቸው፤ ከሰዓት እላፊ በፊት ደግሞ ወደ ቤት መድረስ ግድ ነው። ካናዳዊው ሐኪምና የታሪክ ጸሐፊ ቻርለስ ሮላንድ በሕይወት የተረፉትን አነጋግሮ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጌቶው ሕክምና በሰፊው ጽፏል። ከእነዚህ ምስክርነቶች ጎልቶ የሚወጣው ነገር፣ ትምህርቱ ለተማሪዎቹ ከዕውቀት በላይ እንደነበረ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ረሃብንና ፍርሃትን ይረሳሉ። ከዚህም ሌላ ፈተና አለ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት አለ፣ ሁለተኛ ዓመት አለ። ነገ በተነጠቀበት ቦታ የትምህርት መርሐ ግብር ራሱ ነገን ይፈጥራል።

ዛሬ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በጦርነት ውስጥ ለሚገኙ ወጣቶች የሚመክሩት የተወሰነ የዕለት ሥርዓት፣ የጓደኞች ስብስብ፣ ለሌላ ሰው የመጥቀም ስሜት በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሳይመክራቸው ይገኝ ነበር። ማታ ልብስ መፈተሽና ማታ ትምህርት መቅረብ የሚለያዩ ሁለት ነገሮች አልነበሩም። ሁለቱም ሰው ራሱን እንዳልተወ ለራሱ የሚያሳይባቸው ሥራዎች ነበሩ። ልብሱን መፈተሽ የተወ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላውንም ነገር መተው የጀመረ ነው።

ሆኖም ይህንን ታሪክ «መማር ከረሃብ ያድናል» ብሎ መንገር በሞቱት ላይ መዋሸት ይሆናል። ይህንን የሚያስተባብሉት የጌቶው ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው። የጌቶው አስተዳደር የጤና ክፍል ኃላፊ የነበረው ኢዝራኤል ሚሌይኮቭስኪ በፌብሩዋሪ 1942 የረሃብ በሽታን የሚያጠና የሐኪሞች ቡድን አቋቋመ። ዩሊያን ፍሊደርባውምና ኤሚል አፕፌልባውምን የመሳሰሉ ሐኪሞች ሌላ በሽታ የሌለባቸውን፣ በረሃብ ብቻ የተጎዱ አዋቂዎችና ሕፃናት መርጠው የደም ግፊታቸውን፣ የልብ ትርታቸውን፣ የደም ዝውውራቸውን ፍጥነትና የሰውነታቸውን የኃይል አጠቃቀም ለኩ። መርማሪዎቹ ራሳቸው ከተመርማሪዎቹ እምብዛም የማይሻሉ ረሃብተኞች ነበሩ። የደም ግፊት ይወርዳል፤ ትርታ ይዘገያል፤ ሰውነት ይበርዳል፤ እግር ያብጣል። በአእምሮ ረገድ የተመዘገበው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የቀረበ ነው። ቀድሞ ንቁና ታታሪ የነበረ ሰው ቀስ በቀስ ይደነዝዛል፤ እንቅልፍ ያበዛል፤ ከአልጋ ለመነሣት፣ ብሎም ለመብላት እንኳን ይታክታል። ሕፃናት መጫወት ያቆማሉ። ምግብ ሲታይ ግን ያ ደንዝዞ የነበረ ሰው በድንገት ይቆጣል፣ ይነጥቃል። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በመቀሌ የረሃብ መጠለያዎች ያገለገሉ የአገራችን ባለሙያዎች ይህንን ሥዕል ሳይቸገሩ ያውቁታል።

ይህ የስንፍናም ሆነ የተስፋ መቁረጥ ጉዳይ አይደለም፤ የሚቃጠል ነዳጅ ያጣ አካል ራሱን የሚያጠፋበት መንገድ ነው። እንግዲህ ማታ በሌሽኖ ጎዳና ተቀምጠው ስለ ሕዋስ ያዳምጡ የነበሩት ወጣቶች ገና ይህ ደረጃ ላይ ያልደረሱ፣ ማለትም በአብዛኛው ቤተሰባቸው የሚሸጠው ነገር ያልጨረሰና በኮንትሮባንድ ከሚገባው እህል ጥቂት የሚያገኙ እንደነበሩ መገመት ያስደፍራል። መንፈሳቸውን የያዘው ትምህርቱ ነው፤ ትምህርቱን የያዘው ደግሞ ዳቦው ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዞሩ የጦርነት ዘመን ትዝታዎች ብዙ ናቸው፤ በጥንቃቄ መነበብ ይገባቸዋል።

ጁላይ 22

በጁላይ 22 ቀን 1942 ጀርመኖች የጌቶውን ሕዝብ ወደ ትሬብሊንካ መጫን ጀመሩ። የአይሁድ ምክር ቤቱ ሊቀ መንበር አዳም ቼርኒያኩፍ በማግስቱ ራሱን ገደለ። እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ከ250,000 በላይ ሰዎች ተወሰዱ። ትምህርት ቤቱ በዚያው ቆመ፤ የረሃቡ ጥናትም ተቋረጠ። የተረፉት ሐኪሞች በእጃቸው የቀረውን አኀዝ በጥድፊያ ጽፈው ሚሌይኮቭስኪ መግቢያውን በዚያው ዓመት በኦክቶበር አዘጋጀ። ጽሑፉ ከግንቡ ውጭ ለነበረው ለፕሮፌሰር ቪቶልድ ኦርሎቭስኪ በድብቅ ተላልፎ ተቀመጠ። ሚሌይኮቭስኪ በ1943 መጀመሪያ ሞተ። ጥናቱ በ1946 በዋርሶ ታተመ።

አንዲት የቀድሞ ተማሪ በዚያ በጋ የደረሰባት ነገር ስለ ወጣት የጤና ሠራተኞች አእምሮ በሚነሣበት ጊዜ ሁሉ ሊታሰብ ይገባዋል። አዲና ብላዲ ሽቫይገር ጦርነቱ ሲጀመር በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ በጌቶው ውስጥም በሕፃናት ሆስፒታል ትሠራ ነበር። በሴፕቴምበር 1942 ወታደሮች ሆስፒታሉን ባዶ ሊያደርጉ በደረሱ ጊዜ፣ መነሣት ለማይችሉት ሕፃናት ከሚጠብቃቸው ሞት በፊት ሞርፊን ሰጠቻቸው። ያኔ 25 ዓመት ገደማዋ ነበር። ከዚያ በኋላ በተቃውሞ እንቅስቃሴው መልእክተኛ ሆና አገለገለች። ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ዓመታት የሕፃናት ሐኪም ሆና በተለይ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን አከመች። ስለዚያ ቀን የጻፈችው ግን ከ40 ዓመት በላይ ዝም ካለች በኋላ፣ ልቧ ታሞ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ነው። ሕፃናትን ስታክም በኖረችባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያንን ቀን ማን ጠይቋት ይሆን?

ሂርሽፌልድ ከጌቶው ወጥቶ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር በሐሰት ስም በየገጠሩ ተደበቀ። ልጁ ማሪያ በ1943 በስደቱ መካከል ሞተች። እርሱ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1946 አሳተመ፤ ከጦርነቱ በኋላም በቭሮትስዋቭ የሕክምና ትምህርትን እንደገና ካቋቋሙት አንዱ ሆኖ በ1954 ዐረፈ። ጽቫይባውምም ከጦርነቱ ተርፎ ወደ ማስተማር ተመለሰ።

ከ500ዎቹ ተማሪዎች የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። የፖላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በ1945 እንደገና ሲከፈቱ አንዳንዶቹ ለምዝገባ ቀረቡ። የትምህርት ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም፤ የተማሩበት ቤት በፍርስራሽ ውስጥ ነው፤ በወረቀት ላይ ተሰጥቶ የነበረው ፈቃድም ስለ ወረርሽኝ መከላከያ ኮርስ ብቻ የሚናገር ነበር። ከሞት የተረፉት መምህራን ተማሪዎቹ ምን ምን እንደተማሩ መሰከሩላቸው፤ በሌሽኖ ጎዳና ያሳለፉት ጊዜም እንደ ሕክምና ትምህርት ተቆጥሮላቸው ካቆሙበት ቀጠሉ።